ሲስተሙ ስብሰባ ላይ ነው

(ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ለአዲስ የመንግሥት ሠራተኞችና ኮምፒውተር ለሚማሩ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ተናጋሪዋ በኋላ ራሳቸው አስተካክለው እንደጻፉት)

እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ቴክኖሎጂ ልናገር ተጋብዣለሁ ብዬ ስነግራቸው ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። አልፈርድባቸውም። እኔ 31 ዓመት ያገለገልኩት መዝገብ ቤት ነው። መሣሪያዎቼ እርሳስ፣ ሲባጎ፣ መብሻ፣ የማኅተም ቀለምና ባሕር መዝገብ ነበሩ። ባሕር መዝገብን ላላያችሁ ልጆች፣ ጭን ሙሉ የሚሆን ትልቅ ደብተር ነው፤ የገባ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ከማን እንደመጣና ለማን እንደተመራ ይጻፍበታል። ከጣና ቀጥሎ ይህች ከተማ የነበራት ሁለተኛው ባሕር እርሱ ነው፤ የገባበት ነገር አንዳንድ ጊዜ አይወጣም።

ናፍቆኝ እንዳይመስላችሁ። አቧራው እስከ ዛሬ የማይለቅ ሳል ትቶልኛል። ኮምፒውተር ሲመጣ ከሁሉ ቀድሜ እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

ታሪኬን ከጡረታ በኋላ ልጀምረው። ጡረታ ወጥቼ ጥቂት ወራት እንደቆየሁ ከእናቴ ውርስ ጋር የተያያዘ አንድ ማስረጃ አስፈለገኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራው "እኛ ብቻ ነን እንዴ?" ይሉኛል፤ መልስም የለኝም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ፣ የልጄ እኩያ ናት፣ ቀና ብላ አየችኝና "እትዬ፣ ሲስተም የለም" አለችኝ።

"የት ሄዶ ነው ልጄ?" አልኳት።

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ፤ እርሷም ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። 31 ዓመት ሙሉ እንደዚያ ባለ መስኮት በውስጥ በኩል ተቀምጬ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ስል ኖሬያለሁ። ዐረፍተ ነገሩን አውቀዋለሁ። ዜማውን፣ ዓይን ከባለጉዳዩ ፊት ላይ ቀስ ብሎ የሚነሣበትን መንገድ፣ ተከትሎት የሚመጣውን "ነገ ይሞክሩ" ሁሉ አውቀዋለሁ። ድሮ የማይገኘው ሰው ነበር፤ አሁን የማይገኘው ሲስተም ሆኗል። ዜማው አልተለወጠም።

በማግስቱ ሄድኩ፤ የለም። በሳምንቱ ሄድኩ። ልጅቷ ለምዳኛለች መሰለኝ፣ ሰልፉ ሲሳሳ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለችና "እውነቱን ልንገርዎት?" አለችኝ። "ሲስተሙ አለ። ማጽደቅ የሚችሉት ግን አንድ ሰው ብቻ ናቸው። የይለፍ ቃሉ ያለው እርሳቸው ጋ ነው። እርሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።"

መንገድ ላይ ብቻዬን እየሳቅኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያየኝ ሰው ምን እንዳሰበ እንጃ።

እኛ ዘንድ ማኅተሙ የሚቀመጠው በኃላፊው መሳቢያ፣ ቁልፉ ደግሞ በኃላፊው ኪስ ነበር። እርሳቸው ምሳ ሲወጡ ቁልፉም ምሳ ይበላል፤ እርሳቸው ለቅሶ ሲሄዱ ቁልፉም ለቅሶ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ደፍሬ "ለምን ለሁለት ሰው አይሰጥም?" ብዬ ጠይቄ ነበር። "ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል?" አሉኝ። ልጆቼ፣ ይህን ጥያቄ አትናቁት። አንድ ማኅተም ያለቦታው ቢያርፍ የሰው ቤት ያሸጣል፣ የመታውንም ያሳስራል። ስለዚህ ማኅተሙ ተቆለፈ፣ ባለጉዳዩ ተጉላላ፣ እኛ በሰላም አደርን።

አሁን ማኅተሙ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ቁልፉም የይለፍ ቃል ሆኗል። ኪሱ ግን ያው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ኮምፒውተር ማኅተምን የሚበልጥበት ዋናው ነገር እዚሁ ላይ ነበር። ማኅተም ማን እንደመታው አይናገርም፤ አምስት ሰው ቢመታው አምስቱም ያው ክብ ናቸው። ኮምፒውተር ግን ለአምስት ሰው አምስት የተለያየ የይለፍ ቃል ይሰጥና ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ምን እንዳጸደቀ መዝግቦ ይይዛል። የኃላፊዬ ፍርሃት መድኃኒት ተገኝቶለት ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱን ገዛን፤ ጠርሙሱን ሳንከፍት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው።

በነገሥታቱ ዘመን ደጅ ጥናት ነበር። ሹመት ወይም ፍርድ የፈለገ ሰው ማለዳ ከጌታው ደጅ ይቆማል፣ ይታያል፣ ማታ ይመለሳል። ወራት ይፈጃል፤ ዓመትም የፈጀበት አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሥራው በየፈርጁ ተከፋፈለ። ደጁም ተከፋፈለ፤ ባለጉዳዩም በየደጁ ተከፋፍሎ ይጠና ጀመር። በእኔ ዕድሜ ደግሞ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ መጣ፣ ውጤት ተኮር ምዘና መጣ፣ ካይዘን የሚሉት የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ መጣ፣ የዜጎች ቻርተር የሚባለው የአገልግሎት ቃል ኪዳን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሁሉንም ሠልጥኛለሁ፤ የምስክር ወረቀቶቹ ቤቴ አሉ። ከካይዘን በእርግጥ ተጠቅሜያለሁ። መቀሱ የሚቀመጥበት ቦታ ተለይቶ ስለታወቀ መቀስ ፍለጋ ቀረልኝ። አትሳቁ፤ በቀን ሃያ ደቂቃ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳ ኔት የሚባለው መጣ። ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በሳተላይት የሚያገናኝ ትልቅ ሐሳብ ነበር። እኔ በዓይኔ ባየሁት ቦታ ግን ቀድሞ የበራው ስክሪን የስብሰባው ነው። ኃላፊዎች ሩቅ ሳይሄዱ መሰብሰብ ቻሉ። ባለጉዳዩ ሩቅ መምጣቱን ቀጠለ።

ርቀት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳያችሁ። ጣና ውስጥ ገባ ያለችውን ባሕረ ገብ ምድር፣ ዘጌን፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዳ የሚሄደው የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕል ሊያይ ነው፤ እኛ የምንጠብቀው ቡናውን ነው። የዘጌ ሰው በበሬ አያርስም፤ ከአቡነ በትረ ማርያም የወረደ ነው የሚሉት ሥርዓት አለ። ኑሮው ከቡናው፣ ከጌሾውና ከሎሚው ነው። የየብሱ መንገድ ሐይቁን ዞሮ ስለሚመጣ ብዙ ሰው በጀልባ ይሻገራል።

በመዝገብ ቤት ዘመኔ አንድ የዘጌ አባት ነበሩ። ጀልባቸው እዚህ የሚደርሰው ረፋድ ላይ ነው። ወርደው፣ ተራምደው፣ ሰልፍ ይዘው እኔ ፊት ሲደርሱ ስድስት ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ስድስት ተኩል ላይ እኛ ለምሳ እንዘጋለን። ሰባት ተኩል ስንከፍት እርሳቸው አንድ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ፣ አንድ ዓይናቸው ሐይቁ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ጀልባውም ቆሞ አይጠብቅም። እኛ በቀን ስምንት ሰዓት እንሠራለን እንል ነበር። ለእርሳቸው መሥሪያ ቤታችን ክፍት የነበረው አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ከተባሉ ቀናቸው ተቀበረ። የጀልባ ተከፍሏል፣ የምሳ ተከፍሏል፣ ቡናው ሳይለቀም ውሏል።

አንድ ቀን ተቆጥተው አይደለም፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ "ልጄ፣ እኔ አንቺ ዘንድ ስንት ጊዜ መጣሁ?" ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም ነበር። ባሕር መዝገቡን ገለጥኩ። ማመልከቻቸው የገባበትን ቀን ያውቃል። ለማን እንደተመራ ያውቃል። በመካከል ሰውዬው ስንት ጊዜ ሐይቅ እንደተሻገሩ ግን የትም አልተጻፈም። አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳያዘኝ አንድ ልማድ አመጣሁ። ባለጉዳይ መጥቶ ሳይሳካለት በተመለሰ ቁጥር ከፋይሉ ሽፋን በውስጥ በኩል፣ ጥጉ ላይ፣ በእርሳስ አንድ ጭረት እጭራለሁ።

ጭረቶቹ እየቆዩ መናገር ጀመሩ። የትኛው ጉዳይ ሰው እንደሚያመላልስ፣ የትኛው ክፍል ውስጥ ፋይል እንደሚተኛ ከማንም ሪፖርት ይልቅ እነርሱ ነገሩኝ። ሪፖርታችን "በሩብ ዓመቱ ይህን ያህል ጉዳይ ተስተናገደ" ይላል፤ አንድ ጊዜ መጥቶ የተሳካለትና አሥር ጊዜ የተንከራተተ እኩል አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። አንድ ፋይል ላይ 17 ጭረት ደረሰ። ምን ያለ ከባድ ክርክር ይሆን ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ክርክር የለውም። ነገሩ የአንዲት ፊደል ነገር ነበር።

የባለጉዳይዋን ስም ፀሐይ እንበለው። አንዱ ሰነድ ላይ በፀሐዩ ፀ ተጽፈዋል፤ ሌላው ላይ በጸሎቱ ጸ። አንዱ ላይ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው ላይ በሃሌታው ሀ። አንድ አጥባቂ ሠራተኛ "ስሙ አይመሳሰልም" ብሎ መለሳቸው። "ሁለቱም ስሞች የእኔ ናቸው" ብለው የሚመሰክሩላቸው ሰዎች ይዘው መጡ፤ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ደብዳቤው ላይ ጸሐፊዋ በሦስተኛ ዓይነት ጻፈቻቸው። እንደገና ሀ ብለው ጀመሩ፣ እውነተኛውን ሀ።

ያ በወረቀት ዘመን ነበር፤ ያውም ሰው ነውና ለምነህ፣ አስረድተህ፣ አንዳንዴ አስለቅሰኸው ሊገባው ይችላል። ኮምፒውተር አይለመንም። ሩቅ ሳንሄድ የገዛ ከተማችንን ስም እዩ። ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባሕርዳር፣ ባህርዳር። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ የሱቅና የመሥሪያ ቤት ሰሌዳዎችን እያነበባችሁ ሂዱ፤ አራቱንም ታገኛላችሁ። እኛ ስናነበው አንድ ከተማ ነው፤ ዘንባባው ያው፣ ዓባይ የሚወጣበት ያው። ለኮምፒውተር አራት ከተማ ነው። ፊደላችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ሀም፣ ሐም፣ ኀም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር አግኝተዋል። ደግ ተደረገ፤ የግዕዝ መጻሕፍታችን እነዚህን ሁሉ ለይተው ይጽፋሉና አንዷም እንድትጠፋ አልፈልግም። ነገር ግን ለማሽኑ በሐ እና በሀ መካከል ያለው ልዩነት በለ እና በመ መካከል ያለውን ያህል ሆነ።

ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች፣ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ መፍትሔውም የሚያስቸግራችሁ አይመስለኝም። ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጡት፤ አትንኩት። መዝገብ ውስጥ ስትፈልጉት ግን ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ናቸው ብላችሁ ፈልጉ። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ አንድ ናቸው፤ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ አንድ ናቸው፤ ሁለቱ ጸዎችም እንዲሁ። በቃላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አትቁጠሩት፤ ኃይለ ሥላሴ ተለያይቶም ተጣብቆም ያው ኃይለ ሥላሴ ነው። ሰው እንደሚያነበው ማለቴ ነው። አለዚያ ሴትዮዋ መስኮቱ ፊት ቆመው ሳሉ "መዝገብ ላይ የሉም" ትሏቸዋላችሁ።

በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ባንኩ በአንድ ዓይነት፣ ትምህርት ቤቱ በሌላ፣ ፓስፖርቱ በሦስተኛ ይጽፈዋል። ቅጹ ላይ "የቤተሰብ ስም" የሚል ሣጥን ያስቀመጣችሁም ካላችሁ አውጡት፤ እኛ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። ጳጉሜንንም አትርሱ። አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያሳይ ቅጽ አይቻለሁ፤ በጳጉሜን የተወለደን ልጅ ወይ ወደ ነሐሴ ይጎትተዋል፣ ወይ ወደ መስከረም ገፍቶ አንድ ዓመት ያሳንሰዋል። "ሦስት ሰዓት ይምጡ" የሚል መልእክት ስትልኩም በማን ሦስት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። አንዲት ወዳጄ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሄዳ እስከ ከሰዓት ዘጠኝ ጠብቃለች።

ሁሉን ሳማርር እንዳልውል የተሳካ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ የተሳካው ከተማ ሳይሆን ገጠር ነው። በክልላችን የገጠር መሬት ምዝገባ ሲካሄድ ገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጠው፤ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ ይለጠፋል። ይህች ፎቶግራፍ ስንት ነገር እንደሠራች የሚያውቀው የባሎች ዘመዶችን ክርክር የሰማ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት "ማሳው የወንድሜ ነው" ሲሏት ደብተሩን ገልጣ የገዛ ፊቷን ታሳያለች። ከማንበብና ከመጻፍ በላይ ነው፤ ፊት ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

በኋላ በመጣው በሁለተኛው ዙር ደግሞ በአየር ላይ ፎቶግራፍ የታገዘ ካርታ ሠሩለት። ቴክኖሎጂው ለእኔ ረቂቅ ነው። አሠራሩ ግን ይገባኛል። ባለይዞታው ድንበሩ ላይ ይቆማል፣ አዋሳኙም ይቆማል፣ "እስከዚች ግራር የእኔ፣ ከዚያ ወዲያ የእርሱ" ይባባላሉ፤ ከዚያ የተሠራው ካርታና የስም ዝርዝር ለሕዝብ እይታ ይለጠፋል፤ የተሳሳተበት ሰው ሳይጸድቅ ይናገራል። ማለት፣ ስህተቱን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ሰው ስህተቱን በጊዜው እንዲያይ ተደረገ።

ለስማችን ይህ ለምን አይሆንም? አዲስ የተቀጠራችሁ ልጆች፣ ነገ ሥራ ስትገቡ ይህን አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ በጀት አይጠይቅም። ስሙን ጽፋችሁ ከመጫናችሁ በፊት ስክሪኑን ወደ ባለጉዳዩ አዙሩለት። ማንበብ ካልቻለ አንብቡለት። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ዘወትር የሚገርመኝ፣ የእኔ ጉዳይ እየተጻፈ እኔ የማየው የስክሪኑን ጀርባ መሆኑ ነው። ባሕር መዝገብ እንኳ ቢያንስ ተገልብጦ ይነበብ ነበር።

ፋይዳ የሚባለው የዲጂታል መታወቂያ ምዝገባ ሲመጣ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሐይቁ ዳር ደንገል ሲያጭዱ፣ ታንኳ ሲያስሩ የኖሩ ናቸው። ምዝገባው የአሥሩን ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶግራፍ ይወስዳል። የእርሳቸው ጣት ግን ምን አሻራ አለው? ደንገሉና ውኃው አጥቦት ጠጠር መስሏል። መሣሪያው አልተቀበለም። መዝጋቢው ወጣት ጣታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ፣ አደረቀ፣ እንደገና አስጫነ። ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከኋላ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ፤ እርሱ አልሰማቸውም። በመጨረሻ ሊነሣ የቻለው አሻራ ተነሥቶ፣ ዓይናቸውም ስላለ፣ ተመዘገቡ። "ሲስተሙ አልተቀበለዎትም" ብሎ ሊሸኛቸው ይችል ነበር፤ ማንም አይጠይቀውም። እኔ ይህን ልጅ እስከ ዛሬ በመንገድ ሳገኘው ቆሜ ነው ሰላም የምለው።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር እናንተም ኖራችሁበታል። ስለ ምክንያቱ ልናገር አልመጣሁም። ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ስልክ በሚሠራበት ቦታ፣ ኮከብ 127 መሰላል ብላ የምትደውል ጉልት ሻጭ የቲማቲሟን ገንዘብ በቴሌብር ትቀበል ነበር። ያ መንገድ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በዚያው በጥሪው መስመር ይሄዳል፤ አሮጌ ቁልፍ ስልክም ይበቃዋል። ኮምፒውተር የሞላው መሥሪያ ቤት "ነገ" እያለ፣ መሬት ላይ የተቀመጠችው ሴት ዛሬን ትሠራ ነበር። መብራቱንም እንዲሁ አስቡት። ጣና በለስ ከዚሁ ከሐይቃችን በሚወስደው ውኃ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። እኛ ከውኃው ዳር ተቀምጠን "መብራት ጠፍቷል" ስንል ሐይቁ የሚሰማን ይመስለኝና እሸማቀቃለሁ። መብራትም ኔትወርክም ይጠፋሉ፤ ይህ የታወቀ ነው። የታወቀ ነገር እንዴት ሁልጊዜ እንደ ድንገተኛ እንግዳ ይደርስብናል? ሲስተሙ ሲጠፋ የሚሞላ ወረቀት ይኑር። ማመልከቻውን ተቀበሉ፣ ቁጥር ስጡ፣ ስልኩን ጻፉ፣ ሲመለስ መዝግቡና ደውሉ። የዘጌው አባት ስልክ ቢኖራቸው ኖሮ ስንት ጀልባ ይተርፍላቸው ነበር።

ከእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በር ትይዩ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ አስተውላችኋል? መታወቂያዬን ከነቁጥሩ ከሲስተሙ ላይ እያዩት "ኮፒውን አምጪ" ይሉኛል። ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ክፉ አይንካው፣ ልጆች ያሳድግበታል። ግን እኔ ዲጂታል መሆናችንን የማምነው በስትራቴጂው ሰነድ አይደለም፤ እርሱ ማሽኑን ሸጦ ጁስ ቤት የከፈተ ዕለት ነው።

መስኮቱ ላይ ስላለችው ልጅም አንድ ነገር ልበል፤ ጥፋቱ የእርሷ እንዳይመስልባት። ደመወዟን አውቀዋለሁ፤ የእኔም እንደዚያው ነበር። ቁጣውን የምትቀበለው እርሷ ናት፣ የይለፍ ቃሉን የያዙት ሰው ቁጣ አይሰሙም። በቀን መቶ ጊዜ "ሲስተም የለም" የምትለው እውነተኛውን ዐረፍተ ነገር፣ "አለቃዬ ሥልጣን አላካፈሉም" የሚለውን፣ እንድትል ስላልተፈቀደላት ነው። ሹክ ያለችኝ ቀን ምን ያህል እንደደፈረች የገባኝ ቆይቶ ነው።

እንግዲህ የመጣሁበትን ልናገር። ለሶፍትዌር ሠሪዎቹ ነው። በምትሠሩት ሲስተም ውስጥ አንድ ሣጥን ጨምሩልኝ፤ ከስም፣ ከቀንና ከፋይል ቁጥር አጠገብ። "ባለጉዳዩ ስንት ጊዜ ተመላለሰ" የሚል። ጉዳዩ ሲዘጋ ቁጥሩ ከጉዳዩ ጋር ይቀመጥ፤ ሪፖርት ሲወጣ "ይህን ያህል ጉዳይ ተስተናገደ" ከሚለው ጎን "በዚህን ያህል ምልልስ" ተብሎ ይጻፍ። ስክሪን ገዝተን፣ መስመር ዘርግተን፣ ሠራተኛ አሠልጥነን፣ ያ ቁጥር ከአራት ወደ አራት ከሄደ ምንም አልሠራንም ማለት ነው። ከአራት ወደ ሁለት ከወረደ ደግሞ፣ በእርሳስም ይሁን በኮምፒውተር፣ እኔ እልል እላለሁ።

አመሰግናለሁ።

ንግግሬን ጨርሼ ጥያቄ ሲፈቀድ መካከል ላይ የተቀመጠች አንዲት ወጣት እጇን አወጣች። "እትዬ፣ ያን ሣጥን የሚሞላው ባለጉዳዩን የመለሰው ሠራተኛ ራሱ ከሆነ፣ በገዛ እጁ እንዴት ይሞላዋል? ሁሉም ላይ አንድ ብሎ አይጽፍም?" አለችኝ።

አዳራሹ ዝም አለ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እኔ ስጭር የኖርኩት አለቃ ስላላየብኝ መሆኑን ያን ጊዜ አስታወስኩ። ትንሽ አሰብኩና "እንግዲያው ባለጉዳዩ ይሙላው፤ በኮከብና በመሰላል፣ እንደ ጉልት ሻጯ" አልኳት። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ቦርሳዬን ከፍቼ የማመልከቻዬን ቅጂ አወጣሁና ጀርባውን አሳየኋት። አራት ጭረት አለበት።

"አምስተኛው ነገ ነው" አልኳት። "ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይከፍታሉ፤ እርሳሱን ይዣለሁ።"